ተስፋችን በምን ላይ ይቆማል? ንጹህ ኃይልና የኢኮኖሚ ፖሊሲ ከከሚሴ ሲታይ

ቢስሚላሂ ረሕማኒ ረሒም



በግቢያችን ስለ አገራችን ኢኮኖሚ ወሬ ሲነሳ ብዙ ጊዜ መጨረሻው አንድ ነው። የዘይትና የሽንኩርት ዋጋ ይነሳል፤ ብር እንዴት እንደወረደ ይወራል፤ ተመርቀው ቤት የተቀመጡ ወንድሞቻችንና እህቶቻችን ይቆጠራሉ፤ በመጨረሻም «አላህ ያውቃል» ተብሎ ጨዋታው ይዘጋል። በሌላ በኩል ደግሞ ዜናውን የከፈተ ሰው ሁሉም ነገር የተሳካና የተጠናቀቀ ይመስለዋል። ሁለቱም ለተማሪ አይጠቅሙትም። የመጀመሪያው እጁን አጣጥፎ እንዲቀመጥ ያደርገዋል፤ ሁለተኛው ደግሞ ሳይጠይቅ እንዲያጨበጭብ።

ዲናችን ከሁለቱም ይከለክለናል። ከአላህ እዝነት ተስፋ መቁረጥ የሙእሚን ባሕርይ አይደለም። ሰበብ ሳያደርሱ መመኘትም ተወኩል አይባልም። ግመሉን ሳያስር በአላህ ተመክቶ ሊተዋት የፈለገውን ሰው ረሱል (ሰ.ዐ.ወ.) አስቀድሞ እንዲያስራት እንዳዘዙት ሁላችንም በደርስ ሰምተናል። ሰኞ ሰኞ ባቲ ገበያ የዋለ ሰው የታሰረና ያልታሰረ ግመል ምን ልዩነት እንዳለው አይጠፋውም። ስለዚህ በዚህ ጽሑፍ የምንጠይቀው «ተስፋ እናድርግ ወይ?» ብለን አይደለም። የምንጠይቀው «ተስፋችን የታሰረው በምን ላይ ነው?» የሚለውን ነው። ለዚህም አንድ ጉዳይ መርጠናል፤ እርሱም ንጹህ ኃይልና ከእርሱ ጋር የተያያዘው የኢኮኖሚ ፖሊሲ ነው። የምንመለከተውም ብዙዎቻችን ከመጣንበት ከከሚሴና ከኦሮሞ ብሔረሰብ ዞን ተነስተን ነው።

አንደኛ፦ ኃይሉ አለ

የታላቁ የኢትዮጵያ ሕዳሴ ግድብ የመሠረት ድንጋይ የተቀመጠው መጋቢት 24 ቀን 2003 ዓ.ም. ነበር። የመጀመሪያው ተርባይን የካቲት 13 ቀን 2014 ዓ.ም. ማመንጨት ጀመረ፤ ግድቡም ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ዓ.ም. ተመረቀ። 13 ተርባይኖች ያሉት ሲሆን የማመንጨት አቅሙ 5,150 ሜጋ ዋት፣ የሐይቁ ይዘት ደግሞ 74 ቢሊዮን ሜትር ኪዩብ ነው። ይህ አንድ ግድብ ብቻውን የአገሪቱን የማመንጨት አቅም በእጥፍ ገደማ አሳድጎታል።

እዚህ ላይ ብዙ ሰው የሚያደናግረውን ነገር ግልጽ እናድርግ። 5,150 ሜጋ ዋት ማለት ሁሉም ተርባይኖች በሙሉ አቅማቸው ሲዞሩ የሚገኘው ኃይል ነው። ግድቡ ግን ቀንና ሌሊት፣ ክረምትና በጋ እንዲህ አይዞርም። በዓመት ያመነጫል ተብሎ የታቀደው ወደ 15,700 ጊጋ ዋት ሰዓት ነው። ይህንን በዓመቱ 8,760 ሰዓታት ብናካፍለው በአማካይ ወደ 1,800 ሜጋ ዋት ይሆናል። ግድቡን ማሳነሳችን አይደለም፤ የትኛውም የውኃ ኃይል ማመንጫ እንዲሁ ነው። ጥቅሙ ውኃውን አጠራቅሞ በሚፈለግበት ሰዓት መልቀቁ ላይ ነው።

ሱረቱ ዩሱፍን የቀራ ሰው ይህን ሐሳብ ያውቀዋል። ነቢዩ ዩሱፍ (ዐ.ሰ.) ለሰባቱ የድርቅ ዓመታት መፍትሔ ያደረጉት በሰባቱ የጥጋብ ዓመታት ማጠራቀምን ነው። የአንድ አገር የኃይል ፖሊሲም ከዚህ አይርቅም፤ ሲኖር አስቀምጦ ሲጠፋ ማውጣት ነው። አገራችን ይህን ባለማሟላቷ ተቸግራ ታውቃለች። በ1995 እና በ2001 ዓ.ም. ገደማ ዝናብ ሲያጥር ግድቦቹ ጎድለው መብራት በፈረቃ መታደሉን ታላላቆቻችን አይረሱትም።

ለዚህ ሁለተኛው መድኃኒት ምንጩን ማብዛት ነው። አዳማ አንድ 51 ሜጋ ዋት፣ አሸጎዳ 120 ሜጋ ዋት፣ አዳማ ሁለት 153 ሜጋ ዋት የነፋስ ኃይል ማመንጫዎች ናቸው። መጠናቸው ከሕዳሴ ጋር ሲነጻጸር ትንሽ ነው። ሆኖም በአገራችን ነፋሱ የሚበረታው በአብዛኛው ውኃው በሚያንስበት በበጋው ወራት ነው። ውኃና ነፋስ እንደ ሁለት ወንድማማች አንዱ ሲደክመው ሌላው ይሸከማል ማለት ነው። ከውኃ፣ ከነፋስና ከእንፋሎት የሚገኘው ኃይል ተደምሮ የአገራችን ኤሌክትሪክ ከሞላ ጎደል ከጭስ ነፃ ነው። በዓለም ላይ ይህን ማለት የሚችሉ አገሮች ጥቂት ናቸው፤ ይህ የመጀመሪያው የተስፋ ምክንያታችን ነው።

ሁለተኛ፦ የብርና የፀሐይ ዝምድና

«የውጭ ምንዛሪ ፖሊሲ ከሶላር ጋር ምን አገናኘው?» የሚል ይኖራል። በጣም ይገናኛል። እንዲህ ነው።

የነፋስና የፀሐይ ኃይል ማመንጫ ነዳጅ አይገዛም፤ ወጪው ሁሉ ማለት ይቻላል በመጀመሪያው ቀን ነው። ባለሀብቱ መሣሪያውን በዶላር ገዝቶ ይተክላል፤ ከዚያ ለ20 እና ለ25 ዓመት ኤሌክትሪክ እየሸጠ ገንዘቡን ይመልሳል። ሽያጩ በብር ቢሆን ወይም ዶላሩ ከአገር መውጣት ባይችል ባለሀብቱ አይመጣም። መተሐራ ላይ 100 ሜጋ ዋት የፀሐይ ኃይል ለመትከል እ.ኤ.አ. በ2017 ጨረታ ያሸነፈ የውጭ ኩባንያ ነበር፤ ፕሮጀክቱ ግን ሳይተከል ቀረ። በእንዲህ ዓይነት ፕሮጀክቶች ድርድር ላይ ደጋግሞ የሚነሳው ጥያቄ የውጭ ምንዛሪው ነው። ፀሐይዋ አልጠፋችም፤ መሬቱም አልጠፋም። የጠፋው «ገንዘቤ ይመለስልኛል ወይ?» ለሚለው ጥያቄ አሳማኝ መልስ ነው።

ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. ብሔራዊ ባንክ የውጭ ምንዛሪ ተመን በገበያ እንዲወሰን አደረገ። በዚያው ቀን ዓለም አቀፉ የገንዘብ ድርጅት በአራት ዓመት የሚሰጥ 3.4 ቢሊዮን ዶላር ፈቀደ። ከዚያ በፊት በባንክ 57 ብር ገደማ የነበረው አንድ ዶላር በሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር አለፈ። ይህ በቤተሰቦቻችን ኪስ ላይ ምን እንዳደረገ ለናንተ መንገር አያስፈልግም፤ ከቤት የሚላክልን ብር እንደ ድሮው አልበረከተም። ይህን ሕመም የሚክድ ጽሑፍ መጻፍ አንፈልግም።

ግን የሕመሙን ምክንያት ማወቅ ይገባል። ድሮም ቢሆን ዶላሩ በባንክ ዋጋ የሚገኘው ለጥቂቶች ነበር። ነጋዴው ከጥቁር ገበያ ገዝቶ ያስገባውን ዕቃ በጥቁር ገበያ ዋጋ ነው ሲሸጥልን የኖረው። ሁለት ዋጋ ያለው ገበያ በሁለት ሚዛን እንደሚሸጥ ሱቅ ነው፤ የሚጠቀመው ሚዛኑን የያዘው ብቻ ነው። በሚዛን ስለማጭበርበር ዲናችን ምን እንደሚል የሚታወቅ ነው። ተመኑ አንድ ወደ መሆን መቅረቡ፣ ታህሳስ 8 ቀን 2017 ዓ.ም. የውጭ ባንኮች እንዲገቡ የሚፈቅደው ሕግ መጽደቁ፣ ጥር 2 ቀን 2017 ዓ.ም. የኢትዮጵያ ሰነደ ሙዓለ ንዋይ ገበያ መከፈቱ፣ ሦስቱም ያንን «ይመለስልኛል ወይ?» የሚል ጥያቄ ለመመለስ የሚያግዙ ናቸው። ዱባይ የሚገኘው አሜአ ፓወር በአይሻ 300 ሜጋ ዋት የነፋስ ኃይል ለመትከል መስማማቱም በዚህ መንገድ ሲታይ ትርጉም አለው። ፊርማ ግን ተርባይን አይደለም። እኛ የምንቆጥረው የተተከለውን ነው።

ሦስተኛ፦ ከእንግሊዝ የምንማረው

ፖሊሲ ሲጸና ምን እንደሚሠራ ለማየት ወደ ሩቅ እንሂድ። ዓለምን በድንጋይ ከሰል ያስጀመረችው እንግሊዝ ናት። ለሕዝብ ኤሌክትሪክ ያቀረበው የለንደኑ የሆልቦርን ቫያደክት የከሰል ማመንጫ የተከፈተው እ.ኤ.አ. በ1882 ነው። የመጨረሻው የከሰል ማመንጫ ራትክሊፍ ኦን ሶር ደግሞ እ.ኤ.አ. መስከረም 30 ቀን 2024 ተዘጋ። በመካከሉ 142 ዓመት አለ። የሚገርመው ግን መጨረሻው እንዴት እንደፈጠነ ነው፤ እ.ኤ.አ. በ2012 እንኳ ከአገሪቱ ኤሌክትሪክ 40 በመቶ ያህሉ ከከሰል ነበር። በ12 ዓመት ውስጥ ዜሮ ገባ።

ይህ የሆነው ሕዝቡ ስለተመኘ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2008 ፓርላማው የአየር ንብረት ሕግ አወጣ፤ ሕጉ መንግሥት ሲቀያየር አልተቀየረም። ቀጥሎ ለነፋስ ኃይል አምራቾች «የልዩነት ውል» የሚባል ዘዴ ተዘረጋ። አሠራሩ ቀላል ነው። አምራቹ በጨረታ አንድ ዋጋ ይቆርጣል። የገበያው ዋጋ ከዚያ ሲያንስ ጉድለቱ ይሞላለታል፤ ሲበልጥ ደግሞ ትርፉን ይመልሳል። አምራቹ ለ15 ዓመት ዋጋው ስለታወቀለት በድፍረት ገባ፤ ውድድሩም ዋጋውን አወረደው። እ.ኤ.አ. በ2015 ጨረታ ለባሕር ላይ ነፋስ ከ110 ፓውንድ በላይ የነበረው የአንድ ሜጋ ዋት ሰዓት ዋጋ በ2019 ጨረታ ወደ 40 ፓውንድ ገደማ ወረደ።

ከዚያ ደግሞ ስሕተት ተሠራ። እ.ኤ.አ. በ2023 የዕቃ ዋጋ በናረበት ጊዜ መንግሥት የጨረታውን ጣሪያ ዝቅ አድርጎ ስላስቀመጠ ለባሕር ላይ ነፋስ አንድም ተጫራች አልቀረበም። በቀጣዩ ዓመት ጣሪያው ከፍ ሲል ተጫራቾቹ ተመለሱ። በምድር ላይ የነፋስ ማመንጫ እንዳይተከል ለዓመታት ያገደውም ደንብ በ2024 ተነሳ። የዛሬው እንግሊዛዊም ቢሆን የመብራት ክፍያ ከብዶታል፤ የጋዝ ዋጋ አሁንም የኤሌክትሪኩን ዋጋ ይጎትተዋል።

ለእኛ ትምህርቱ ሁለት ነው። አንደኛ፣ የጸና ሕግ ከትልቅ ንግግር ይበልጣል። ሁለተኛ፣ ፖሊሲ ሲሳሳት በአንድ ዓመት ማረም ይቻላል፤ ስሕተት መታየቱ ጉዞው ከንቱ ነው ማለት አይደለም።

እኛ ደግሞ እነርሱ ያልነበራቸው ዕድል አለን። እነርሱ መጀመሪያ ያረጀውን ማፍረስ ነበረባቸው። እኛ የምናፈርሰው የከሰል ማመንጫ የለንም።

አራተኛ፦ ነዳጁና መንገዱ

አገራችን ለነዳጅ በየዓመቱ በቢሊዮን የሚቆጠር ዶላር ታወጣለች። ያ ዶላር መድኃኒት፣ ማዳበሪያና የፋብሪካ መለዋወጫ ሊገዛ ይችል ነበር። ጥር 2016 ዓ.ም. የትራንስፖርትና ሎጂስቲክስ ሚኒስቴር በነዳጅ የሚሠሩ የቤት መኪኖች ወደ አገር እንዳይገቡ መወሰኑን አሳወቀ፤ እንዲህ ያለ ውሳኔ በማሳለፍ ኢትዮጵያ በዓለም የመጀመሪያዋ ናት። የኤሌክትሪክ መኪኖች ከዚያ ቀደም ብሎ ከተጨማሪ እሴት ታክስ፣ ከኤክሳይዝና ከሱር ታክስ ነፃ ተደርገው ነበር። ዛሬ በአገሪቱ ከ100 ሺህ በላይ የኤሌክትሪክ መኪኖች እንዳሉ የመንግሥት ባለሥልጣናት ይናገራሉ።

ይህ ለከሚሴ ምኗ ነው? ከሚሴ ከአዲስ አበባ ወደ ደሴ በሚወስደው አስፋልት ላይ የተቀመጠች ከተማ ናት። ኑሮዋ ከመንገዱ ጋር የተሳሰረ ነው፤ ምግብ ቤቱ፣ ጎሚስታው፣ ባጃጁ፣ የፍራፍሬ መደቡ ሁሉ የሚኖረው ከሚያልፈው መኪና ነው። የመኪናው ዓይነት ሲለወጥ ሥራውም ይለወጣል። የኤሌክትሪክ መኪና ረጅም መንገድ ሲጓዝ መሐል ላይ መሞላት አለበት፤ ሲሞላ ደግሞ ተሳፋሪው ወርዶ ይጠብቃል፣ ይበላል፣ ይጠጣል፣ ይሰግዳል። ቻርጅ ማድረጊያ ያለው ከተማ እንግዳ ያድርበታል፤ የሌለው ከተማ ይታለፋል። ይህን አስቀድሞ ያየ ነጋዴ ይጠቀማል።

ባቡሩንም እናንሳ። ከአዋሽ ተነስቶ በኮምቦልቻ በኩል ሐራ ገበያ የሚደርሰው 390 ኪሎ ሜትር ገደማ የኤሌክትሪክ ባቡር መስመር በእኛው በቦርከና ሸለቆ በኩል ያልፋል። 1.7 ቢሊዮን ዶላር የተያዘለትን ይህን መስመር የቱርኩ ያፒ መርከዚ በ2007 ዓ.ም. መገንባት ጀመረ። ከአዋሽ እስከ ኮምቦልቻ ያለው ክፍል ቢጠናቀቅም የኤሌክትሪክ አቅርቦት ሳይሟላለት ቆየ፤ ከዚያም በ2014 ዓ.ም. ጦርነቱ አካባቢያችን ሲደርስ ጉዳት ደረሰበት። እስካሁንም መደበኛ አገልግሎት አልጀመረም።

ይህ ሐዲድ የተስፋችንንም የስጋታችንንም ልክ ያሳየናል። ኃይሉ ግድቡ ጋ አለ፤ ሐዲዱ ደጃችን ላይ አለ፤ ሁለቱን የሚያገናኘው ሽቦና ሰላም ነው የጎደለው። የጎደለው የታወቀ ነገር ደግሞ ከማይታወቅ ችግር ይሻላል።

አምስተኛ፦ ምጣዱ፣ ፓምፑና ጭሱ

እስካሁን የተናገርነው ስለ ትልልቁ ነገር ነው። የፖሊሲ ፍሬ የሚለካው ግን እናቶቻችን ጓዳ ውስጥ ነው።

በአገራችን ከአስር ቤተሰብ ዘጠኙ የሚያበስለው በእንጨት፣ በከሰል ወይም በኩበት ነው። የዓለም ጤና ድርጅት በግምቱ እንደሚለው እ.ኤ.አ. በ2020 በዓለም ዙሪያ 3.2 ሚሊዮን ሰው ከቤት ውስጥ ጭስ ጋር በተያያዘ ሞቷል። በዳዋ ጨፋ፣ በአርጡማ ፉርሲ፣ በጅሌ ጥሙጋ፣ በዳዌ ሐረዋ ወይም በባቲ ገጠር ያደገች እህት እንጨት ለመልቀም ስንት ሰዓት እንደምትሄድ ጥናት አያስፈልጋትም፤ ራሷ ታውቀዋለች። ያ ሰዓት ከቂርአቷና ከትምህርቷ የተቀነሰ ሰዓት ነው።

ታዲያ ሁሉም ሰው የኤሌክትሪክ ምጣድ ይግዛ ማለት ይበቃል? አይበቃም፤ ስሌቱን እንየው። አንድ የኤሌክትሪክ ምጣድ 3.5 ኪሎ ዋት ገደማ ይወስዳል። 100 ሺህ ቤተሰብ በአንድ ሰዓት ምጣድ ቢጥድ 350 ሜጋ ዋት ይፈልጋል፤ ይህ ከአዳማና ከአሸጎዳ ማመንጫዎች ድምር ይበልጣል። በሰፈር ደረጃ ደግሞ ለአምፖልና ለቴሌቪዥን ታስቦ የተተከለ ትራንስፎርመር በረመዷን ከመግሪብ በፊት ሁሉም ምጣድ ሲጣድ ለምን እንደሚቃጠል ከዚህ ይገባናል። ችግሩ የማመንጨት ብቻ አይደለም፤ የማከፋፈልም ነው። ከአሁን በኋላ ገንዘቡ በብዛት መሄድ ያለበት ወደ ማከፋፈያ ጣቢያ፣ ወደ ትራንስፎርመርና ወደ ገጠር መስመር ነው።

መስመር እስኪደርስ ደግሞ መቀመጥ የለም። እንጨት የሚቆጥበው «ምርጥ» የእንጀራ ምድጃ፣ «ላቀች» የከሰል ምድጃ፣ ከብት ላለው ገበሬ ባዮጋዝ፣ ሁሉም በአገራችን የተሞከሩና የሚሠሩ ናቸው። ከብት ለሚበዛበት ለጨፋ ሜዳ አካባቢ ባዮጋዝ በተለይ ይመቻል፤ ጭሱን ያስቀራል፣ ትራፊው ደግሞ ማዳበሪያ ይሆናል።

ሌላው ፀሐይ ናት። አገራችን በአማካይ በእያንዳንዱ ካሬ ሜትር በቀን 5 ኪሎ ዋት ሰዓት ገደማ የፀሐይ ኃይል ታገኛለች። ባለ 300 ዋት አንድ ሶላር ጣሪያ ላይ ቢቀመጥ በቀን ከ1 ኪሎ ዋት ሰዓት በላይ ይሰጣል። ይህ ለአምፖሎች፣ ለስልክ፣ ለቴሌቪዥንና ለመስጂድ ድምፅ ማጉያ ይበቃል። በቦርከና ዳር በናፍጣ ፓምፕ ሽንኩርትና ቲማቲም ለሚያጠጣ ገበሬ ደግሞ የሶላር ፓምፕ ትርጉሙ ሌላ ነው። የናፍጣ ዋጋ ሲጨምር ወይም ማደያው ሲደርቅ አዝመራው አይደርቅበትም። የመስኖ መሣሪያዎች ከ2011 ዓ.ም. ጀምሮ ከቀረጥ ነፃ እንዲገቡ መፈቀዱም ለዚህ ያግዛል።

ጥንቃቄም አለው። የናፍጣ ፓምፕ ገበሬው ዋጋውን እያሰበ እንዲያጠጣ ያስገድደዋል፤ የፀሐይ ፓምፕ ግን ነዳጅ ስለማይጠይቅ ውኃው እንዲባክን ይጋብዛል። የጨፋ ረግረግ ደግሞ በበጋ የኦሮሞም፣ የአፋርም፣ የአማራም አርብቶ አደር ከብቱን የሚያሰማራበት የጋራ ቦታ ነው። በውዱእ ውኃ ላይ እንኳ ኢስራፍ የተከለከልን ሕዝቦች ነን። ንጹህ ኃይል ኢስራፍን ሐላል አያደርገውም።

ስድስተኛ፦ ከሪባ የጸዳ ገንዘብ

ሶላር ፓምፕ ውሎ አድሮ ይረክሳል፤ የመጀመሪያ ዋጋው ግን ከናፍጣው ይወደዳል። ገበሬው ያን ገንዘብ በአንድ ጊዜ ከየት ያመጣል? ለብዙ ዓመታት መልሱ የወለድ ብድር ብቻ ነበር። የዞናችን ነዋሪ በአብዛኛው ሙስሊም በመሆኑ ብዙው ሰው ወይ ሪባን ፈርቶ ቀረ፣ ወይ ከልቡ ሳይደሰት ገባበት።

ይህ በር ዛሬ ተከፍቷል። ብሔራዊ ባንክ በ2004 ዓ.ም. ገደማ በነባር ባንኮች ውስጥ ከወለድ ነፃ መስኮት እንዲከፈት ፈቀደ። ቀጥሎም ሙሉ በሙሉ ከወለድ ነፃ የሆኑ ባንኮች ተፈቀዱ፤ ዘምዘም ባንክ በ2013 ዓ.ም. ሥራ ጀመረ፣ ሂጅራ ባንክም ተከተለ።

ንጹህ ኃይል ከእስልምና የንግድ ውሎች ጋር በተፈጥሮው ይገጥማል፤ ምክንያቱም የሚሸጥና የሚከራይ ግልጽ ዕቃ አለው። በሙራበሓ ባንኩ ፓምፑን በ100 ሺህ ብር ገዝቶ፣ በእጁ ካስገባ በኋላ፣ ትርፉን ተናግሮ ለገበሬው በ115 ሺህ ብር በየአዝመራው እንዲከፍል ሊሸጥለት ይችላል (ቁጥሩ ለምሳሌ ያህል ነው)። ዋጋው አንዴ ከተቆረጠ ገበሬው ቢዘገይም አይጨምርም። በኢጃራ ደግሞ ባንኩ ወይም ማኅበሩ ፓምፑን ያከራያል። ዕዳ በዕዳ ላይ አይወልድም።

በትልቁም ቢሆን ዓለም አሳይቶናል። ማሌዥያ እ.ኤ.አ. በ2017 ለፀሐይ ኃይል የመጀመሪያውን አረንጓዴ ሱኩክ አወጣች፤ ኢንዶኔዥያ በ2018 በመንግሥት ደረጃ 1.25 ቢሊዮን ዶላር በአረንጓዴ ሱኩክ ሰበሰበች። የጃካርታው ኢስቲቅላል መስጂድ ጣሪያው ላይ ሶላር ተክሏል። የሰነደ ሙዓለ ንዋይ ገበያ በአገራችን መከፈቱ ይህን መንገድ ለእኛም ሊያቀርበው ይችላል፤ ይህን የሚያጠኑ የኢኮኖሚክስ፣ የሕግና የሸሪዓ ተማሪዎች ግን ያስፈልጋሉ።

ተስፋውን የሚፈትኑት

ሦስት ነገሮችን ሳንሸፋፍን እናስቀምጥ።

የመጀመሪያው ሰላም ነው። በ2014 ዓ.ም. ያየነው አንድ ወር የብዙ ዓመት ልማት ሊወስድ እንደሚችል ነው። የውኃ ማመንጫ ሩቅ ነው፤ ሽቦው ግን በየሰፈራችን ያልፋል። ሰላም ከሌለ ጥገና የለም፣ ባለሀብትም የለም።

ሁለተኛው ክፍያው ነው። ከመስከረም 2017 ዓ.ም. ጀምሮ የኤሌክትሪክ ታሪፍ በየሩብ ዓመቱ እየጨመረ በአራት ዓመት እንዲስተካከል ተደርጓል። ኤሌክትሪክ ከወጪው በታች ቢሸጥ መስመሩን የሚጠግን ገንዘብ አይኖርም፤ ይህ እውነት ነው። ግን ዋጋው ድሃውን ወደ እንጨት የሚመልሰው ከሆነ ፖሊሲው ራሱን ያፈርሳል። ጥቂት ለሚጠቀመው ረከስ፣ ብዙ ለሚጠቀመው ወደድ የሚል አሠራር መጠበቅ አለበት።

ሦስተኛው የገባነው ቃል ነው። እ.ኤ.አ. በ2019 የወጣው ብሔራዊ የኤሌክትሪክ ፕሮግራም በ2025 ሁሉም ዜጋ ኤሌክትሪክ እንዲያገኝ፣ ከዚህም 35 በመቶው በሶላርና በመሳሰሉት ከመስመር ውጭ እንዲሆን አቅዶ ነበር። ዓመቱ አልፏል፤ ከሕዝባችን ግማሽ ያህሉ ብቻ ነው ያገኘው። ይህን ማንሳታችን ለማጣጣል አይደለም። ቀጠሮውን የማያስታውስ ሕዝብ ቃል የገባለትን ሊጠይቅ አይችልም።

እኛስ?

ወንድሞችና እህቶች! ይህ ሁሉ ከአራት እና ከአምስት ዓመት በኋላ የእናንተ ሥራ ነው። ኤሌክትሪካል ምህንድስና የምትማሩ፣ ትራንስፎርመሩ የሚቃጠልበትን ምክንያት ለይታችሁ የምትጠግኑት እናንተ ናችሁ። አካውንቲንግና ኢኮኖሚክስ የምትማሩ፣ ሙራበሓን ለገበሬው በሚገባው አማርኛና በአፋን ኦሮሞ የምታስረዱት እናንተ ናችሁ። ግብርና የምትማሩ፣ ውኃው ሳይባክን እንዲጠጣ የምታሳዩት እናንተ ናችሁ። ጤና የምትማሩ እህቶች፣ ጭሱ ሳንባ ላይ ምን እንደሚያደርግ ለእናቶች የምትነግሩት እናንተ ናችሁ።

ከምርቃት በፊትም የሚሠራ አለ። በዚህ ክረምት ወደ ቤት ስንመለስ እያንዳንዳችን የሰፈራችንን መስጂድ እንይ። መብራቱ ስንት ሰዓት ይበራል? ሲጠፋ ጀነሬተሩ ስንት ሊትር ይበላል? አንድ ሶላር ቢተከል ስንት ይተርፋል? ይህን በወረቀት አስልተን ለጀመዓው ብናቀርብ አቅም ያለው ሰው ወቅፍ ሊያደርገው ይችላል። ሰደቀቱል ጃሪያ ማለት ሰጪው ከሞተ በኋላም የማይቋረጥ ምንዳ ነው፤ ለ20 ዓመት በየቀኑ የቁርኣን ሐልቃ የሚያበራ ብርሃን ከዚህ ይቆጠራል ብለን ተስፋ እናደርጋለን።

ተስፋችን እንግዲህ የታሰረው በእነዚህ ላይ ነው፦ የተገነባ ግድብ፣ አንድ እየሆነ ያለ የምንዛሪ ሚዛን፣ ከሪባ የጸዳ የብድር በር፣ ደጃችን ላይ የተዘረጋ ሐዲድ፣ እና እናንተ። ገመዱ አለ። ማሰሩ የእኛ ነው፤ ከዚያ በኋላ መመካት በአላህ ነው።

አላህ አገራችንን ሰላም ያድርግልን፤ ዕውቀታችንንም የሚጠቅም ያድርገው። አሚን።

ወላሁ አዕለም።